ጥሬ ጎመን በዶሮ

ማክሰኞ ጠዋት የልጅ ልጄ ቤዛ ወጥ ቤቴ ገብታ ሰሊጥ ቆላች። ሰሊጥ መቁላት ነውር የለውም፤ እኛም በጾም ቆልተን፣ ወቅጠን፣ በጥብጠን እንጀራ እንፈተፍትበታለን። እሷ ግን ቆልታ ስታበቃ አልወቀጠችውም፤ እንዳለ ጥሬ ጥቅል ጎመን ላይ ነሰነሰችው። ጎመኑ እሳት የሚባል ነገር አላየም። እንደ ክር ቀጥኖ ተከትፎ ሳህን ላይ ተከምሯል። በላዩ ካሮት ፈቀፈቀችበት፣ ቀይ ሽንኩርት ሰነጠቀችበት፣ ዝንጅብል፣ አቼቶ፣ ማር፣ ከወልድያ በጠርሙስ ገዝታ ያመጣችውን የሰሊጥ ዘይት በጠብታ። ይሄ አልበቃ ብሎ ያንን በፌስታል የሚሸጥ ጥቅልል ኑድልስ ሳትቀቅለው በእጇ እየፈረፈረች ጨመረችበት። ጥሬ ፓስታ! ስልኳን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋዋለች፤ ስልኩ ውስጥ አንዲት ቀጭን ሴትዮ እየተቅለሰለሰች የምታዛትን ሁሉ ትፈጽማለች። እኔ አሳድጌያት ውኃ ቅጂ ስላት ሦስት ጊዜ የምታስለምነኝ ልጅ! «እማ፣ የእስያ ሰላጣ ነው እኮ፤ ሲበሉት ቀጭ ቀጭ ይላል» አለችኝ። «ፍየልም ስትበላ ቀጭ ቀጭ ይላል» አልኳት።

ከዚያ ሽታው መጣ። የተቆላ ሰሊጥ ከአቼቶና ከዝንጅብል ጋር ሲገናኝ የሚሰጠው ሽታ አለ፤ አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም። በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። «ምነው እማ፣ አመመሽ?» አለችኝ ቤዛ። «ምግብሽ ነው ያመመኝ» አልኳት። እውነቴን ነበር። ይቺ የትናንት ልጅ አዲስ ነገር ያመጣች መስሏት ትኮፈሳለች እንጂ፣ እኔ ይሄን ቅራቅንቦ ያየሁት እናቷ ሳትወለድ ነው። ወልድያ ላይ፣ ከቻይና እጅ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ሐዋ መርሳን ልትለቅ ነው። ልጇ ሰይድ ኮምቦልቻ ቤት ሠርቷል፤ «እማዬ ከእንግዲህ ብቻዋን አትቀመጥም» ብሎ ዕቃዋን ሊጭን መጥቷል። ከሐሙስ ወዲያ ሐዋ የለችም። እኔና እሷ ጎን ለጎን የኖርንበት ዘመን የቤዛን ዕድሜ ሁለት ጊዜ ይሆናል። ልጆቼን ስወልድ ወገቤን የያዘችኝ እሷ ናት። ባሌ ሲሞት ሦስት ቀን ሙሉ ከጎኔ ያልተነሳች እሷ ናት። ግን በዚህ ሁሉ ዘመን ሐዋ ከቤቴ አንዲት ጉርሻ ቀምሳ አታውቅም። ቡና ትጠጣለች፣ ውኃ ትጠጣለች። እህል ሲቀርብ «በልቼ ነው የመጣሁ»፣ «ጾመኛ ነኝ»፣ «ሆዴን ነፍቶኛል» ትላለች። የልጄ ሠርግ ጊዜ ስድስት ቀን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍልኝ ውላ፣ እህል ሳትቀምስ ማታ ቤቷ ገብታ ነው የበላችው።

የሩቅ ሰው ይሄን ሲሰማ በሃይማኖት ነው ይላል። ኧረ ወዲያ! አገራችንን የማያውቅ ነው እንዲህ የሚል። እኛ ዘንድ ክርስቲያንና እስላም ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ ባንድ ዕድር ተቀባብሮ ይኖራል፤ የማይጋራው ሥጋ ብቻ ነው። ለሱም መላ አለው። እስላም እንግዳ ሲመጣብሽ ዶሮሽን ይዘሽ እስላም ጎረቤት ዘንድ ሄደሽ ታሳርጃለሽ፣ ለብቻ ባስቀመጥሽው ድስት ትሠሪያለሽ፣ አለቀ። ሐዋ ራሷ በስንቱ ክርስቲያን ቤት እንዲህ ተደርጎላት በልታለች። እኔ ቤት ግን ሥጋው ቀርቶ ሽሮ እንኳ፣ ቆሎ እንኳ አልነካችም። ለሷ ብዬ የገዛሁት ድስት ዝጎ ሁለት ጊዜ ለውጬዋለሁ። ለምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፤ አንድም ቀን አፍ አውጥተን አልተናገርነውም። ታዲያ ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ቤቴ እንድትበላልኝ ፈለግሁ። ሳትበላልኝ ከሄደች ነገሩ እንደታሰረ ይቀራል፤ እሱን ይዤ ደግሞ መቃብር አልወርድም።

እኔ ያሰብኩት ዶሮ ወጥ ነበር፤ ከግራና ገበያ የመጣች ደህና የሀገር ዶሮ፣ ሽንኩርቱ ግማሽ ቀን የተቁላላ። ቤዛ ግን «እትዬ ሐዋን ሐኪም ያላቸውን ረሳሽው? ደም ግፊት አለባቸው። ቅቤ የለ፣ በርበሬ የለ፣ ጨው የለ» አለችኝ። «ታዲያ ምን ልታበያት ነው?» ስላት ነው ያንን ስልክ ያወጣችው፤ ዶሮዋም ተቀቅላ ጎመኑ ውስጥ ልትገባ ሆነ። አይ ጊዜ! ዕድሜ ልኬን የጠበቅሁት ምሳ፣ በስልክ የታዘዘ የፍየል መኖ ሆኖ ቀረ።

አሁን ስለ ድሮ ላወራ ነው፤ ግን እንደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች «ድሮ እኮ» እያልኩ አላለቅስባችሁም። እነሱ ሲያስቁኝ! ዕንቁላል አምስቱ ባሥር ሳንቲም ነበር ይላሉ። አዎ፣ ነበር። አሥሩ ሳንቲም ግን አልነበረም። ዶሮ በሰባ አምስት ሳንቲም ትገኝ ነበር፤ እኛ ቤት ግን ዶሮ የሚታረደው በዓመት ሁለቴ ነው፤ ለፋሲካና ለገና፣ እሷም ለስምንት ሰው። ወልድያ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆና፣ ባጃጅ በባጃጅ ላይ እየወጣባት፣ ጠዋት ቁርስ የሚበላው ሁሉ ስሙን ከማያውቀው ምግብ ጋር ፎቶ ይነሳባታል። ያኔ ደግሞ አቧራ ነበረች። ጎንደር በር ጥግ ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበር፤ ቴፑ ከጧት እስከ ማታ አምባሰልና ትዝታ ያንቆረቁራል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኟም አብራ ትደክማለች። ጎረምሶቹ ቦላሌ ሱሪያቸው መንገዱን እየጠረገ፣ ፀጉራቸውን አጎፍረው እዚያ ጥግ ይገተራሉ። አንድ ብርጭቆ ሻይ ለሦስት ይዘው ግማሽ ቀን ይውላሉ። እነዚያ ናቸው ዛሬ ከዘራ ይዘው «የኛ ዘመን ወጣት ሥራ ወዳድ ነበር» የሚሉት። ቁጭ ብለው ነው እኮ የማውቃቸው።

ቻይናዎቹ የመጡት ያኔ ነው፤ ወደ ድልብ በሚወጣው በኩል ካምፕ ሠርተው ተራራውን እየቆረጡ መንገድ ሲያወጡ። መንግሥት ተለውጦ ነበር መሰለኝ፣ ወይ ሊለወጥ ነበር፤ እኔ የማስበው ስለ መንግሥት ሳይሆን ስለ ኮንጎ ጫማ ነበር። አለቃውም ሠራተኛውም ባንድ ዓይነት ሰማያዊ ኮትና ሰማያዊ ቆብ ስለሚሄድ አንዱን ካንዱ መለየት ጭንቅ ነው። ሕፃናቱ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይከተሏቸዋል። አሳማ ያረባሉ፣ እባብ ይበላሉ እየተባለ ጉድ ይወራባቸው ነበር። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ድምፃቸው ከቅዳሴ ውጭም የሚያስፈራ፣ ቁጣቸው ከከዘራቸው የሚቀድም ሰው። ግን ቤታችን ስምንት አፍ ነበረና፣ ካምፑ ሳህን አጣቢ ይፈልጋል ሲባል እሺ አሉ። እሺ ያሉት ወንጌል አስመትተው አስምለውኝ ነው፤ ከቻይናዎቹ እጅ ውኃ እንኳ እንዳልቀምስ። ማልኩ። የመጀመሪያ ደሞዜን ተቀብዬ ቀይ ኮንጎ ጫማ ገዛሁና እግሬን እያየሁ ስሄድ ዕንቅፋት መታኝ።

የካምፑ ወጥ ሠሪ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ቢላዋው እንደ መጥረቢያ ሰፊ የሆነ ቻይና ነበር። ስሙን መጥራት ስላልቻልን «ጋሼ ቢላዋ» እንለው ነበር። ዶሮ ሲሠራ ማየት ሕመም ነው። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት እንዳላት እኛ አገር ሕፃን ያውቃል፤ ፈረሰኛው ለማን፣ እግሩ ለማን፣ ክንፉ ለማን እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ይሄ ሰውዬ ግን ቀቅሎ፣ አቀዝቅዞ፣ ሥጋዋን በጣቱ እንደ ፈትል እየበጣጠሰ ጎመን ውስጥ ይበትናታል። የአባወራው የቱ፣ የእንግዳው የቱ? ሁሉም ክር! ዶሮ ሳይሆን የተተረተረ ጋቢ ነው የሚመስል። ላዩ ላይ የሰሊጥ ዘይት ጠብ፣ አቼቶ ጠብ፣ የተቆላ ለውዝ ፍርክስክስ። ቆሜ እያየሁት እጸየፋለሁ። ወጥቼም ለሰፈሩ ሁሉ እያስመሰልኩ እነግራለሁ፤ ሴቱ ይስቃል፣ ይተፋል። እኔም እተፋለሁ።

እስካሁን ለማንም ያልነገርኩት ይሄውላችሁ፦ እበላው ነበር። በሳምንቱ ነው የጀመርኩት። ሳህን ላይ የተረፈውን አንድ ቀን በጣቴ ጠረግ አደረግሁና አፌ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ቢላዋ አይቶ እንዳላየ ሆኖ ለኔ ብሎ በትንሽ ሳህን ያስቀርልኝ ጀመር። አቼቶው ምላሴን ሲቆነጥጠኝ፣ ለውዙ ጥርሴ ላይ ሲሰበር፣ እንዲያ ያለ ጣዕም በሕይወቴ አላውቅም ነበር። ወንጌሉም ተረሳ፣ ማላውም ተረሳ። ሑዳዴ ሲገባ እተዋለሁ አልኩ። ሑዳዴ ገባ፣ አልተውኩም። ቀን ዶሮ በልቼ፣ ማታ አባቴ ፊት ቆሜ እሰግዳለሁ። እንግዲህ ስለ ዛሬ ልጆች ሆዳምነት የማወራው እኔ ነኝ!

ሐዋን ያወቅኋት እዚያ ካምፕ በር ላይ ነው። አባቷ ይማም በመስኖ ጥቅል ጎመን ያለማ ነበር፤ ጎመኑን በቅርጫት ተሸክማ ለካምፑ የምታስረክብ እሷ ናት። ረጅም፣ ቀይ፣ ስትስቅ ዓይኗ የሚጠፋ። ለአንድ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ታጭታ ነበር፤ ለጥሎሽ የሚመጣላትን ልብስ ቀለሙን ሳይቀር እየዘረዘረች ትነግረኛለች። አባቷ ከበሩ አልፋ እንዳትገባ ከልክለዋታል። እኔ እኩለ ቀን ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሳህኔን በሽርጤ ሸፍኜ እወጣለሁ፤ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ለሷ የማመጣላት የጎመኑን ልብ ነው፤ ጋሼ ቢላዋ ቆርጦ የሚጥለውን ያንን ነጭ፣ ጠንካራውን። ጥሬውን እንደ ሸንኮራ ትቆረጥመዋለች። ከሳህኔ ግን አንድም ቀን ነክታ አታውቅም። «ያንቺ ጉድ ላንቺ፣ የሺ። እሱን ወደኔ አታስጠጊ፣ ወላሂ እጮኻለሁ» ትለኛለች እየሳቀች። ምስጢሬን ግን ታውቃለች። ሰው ሲመጣ ጉሮሮዋን እየጠረገች የምታስጠነቅቀኝ እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ግን ወሬ ያዘን። ስለ ሠርጓ ጫማ ይሁን ስለ ሌላ፣ ብቻ ሁለታችንም አላየንም። ቀና ስንል የአባቴ እህት ተዋበች ከፊታችን ቆማለች። አክስቴ ተዋበች ማለት የሰው ጓዳ ሽታ ከመንገድ የምትለይ፣ ለጽድቅ የምትጾመውን ያህል ለወሬ የምትጠማ ሴት ነበረች። ሳህኑ መሐላችን መሬት ላይ ነው፤ ሊያልቅ ትንሽ የቀረው። ጎንበስ ብላ አየችው። አንዲት የሥጋ ክር በጣቷ አነሳች።

«ይሄ ዶሮ አይደለም እንዴ?» አለች። «በሑዳዴ! ማን ነው የበላው?»

«እሷ ናት» አልኩ። በጣቴም ጠቆምኩ።

አክስቴ ወደ ሐዋ ዞረች። የሐዋ አፍ ሙሉ ነበር፤ የጎመን ልብ። ልትውጠውም ልትተፋውም አልቻለች፤ አገጯ ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? «አይ የይማም ልጅ! ቻይና ያረደውን! እስላምም ክርስቲያንም ያልባረከውን!» ብላ አክስቴ ራሷን ያዘች። ሐዋ ዋጠች። ከዚያ አየችኝ። አሁን መናገር ትችላለች፤ አፏ ባዶ ነው። አልተናገረችም። ቅርጫቷን አንስታ፣ አቧራዋን አራግፋ ሄደች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ውሸት ነው፤ እኔ አውቄ ነው ያመለጠኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወልድያ ሰማ። በሁለተኛው ቀን ሕፃናቱ ቅርጫቷን ይዛ ስታልፍ «ሐዋ ቻይና! ሐዋ ቻይና!» ይሏታል። ያ ሻይ ቤት ጥግ የሚገተረው ጎረምሳ ሁሉ ሥራ አገኘ፤ ቆቡን ወደ ግንባሩ ስቦ፣ ዓይኑን አጥብቦ ያሾፍባታል። አባቷ ገረፏት። ከዚያ ሸሁ ዘንድ ወሰዷት፤ ሸሁ ደግ ሰው ናቸው፣ «ጎመን ብቻ መስሏት ሳታውቅ በልታ ከሆነ ወንጀል የለባትም» አሉ። ሳታውቅ መብላቷን ማን ይመስክር? አባ ይማም ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቤታችን መጡ። አባቴ ፊት ቆምኩ። «ልጄ፣ እዚያ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ዶሮ እንዳለበት አውቃ ነው ወይስ ሳታውቅ?» አሉኝ አባ ይማም፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሻሹ። ሳታውቅ ነው ብል ልጅቱ ትድን ነበር። ግን ሳህኑን ማን ሰጣት ሊባል ነው፤ አንቺስ ካምፕ ውስጥ ምን ትበያለሽ ሊባል ነው። «እኔ አላየሁም» አልኩ። ሰውዬው አመስግነውኝ ወጡ።

ጨርቅ ነጋዴው የጥሎሹን ልብስ ይመለስልኝ ብሎ ላከ። ተመለሰለት። በፋሲካ ዕለት ደግሞ አባቴ ዘመድ በተሰበሰበበት የመጀመሪያውን ጉርሻ ለኔ አጎረሱኝ። «ይቺ ልጄ ከአሕዛብ ጋር ውላ ጾሟን ያልገደፈች» አሉ። እልል ተባለልኝ። ጉርሻውን ዋጥኩት፤ ምን ይሳነኛል። ሰው ስለ ሌባ ያወራል እንጂ፣ ሌባ ቢያንስ በጨለማ ነው የሚሠራው። እንደኔ ያለው ፈሪ በቀን፣ በእልልታ ነው።

በዓመቱ ሐዋን መርሳ ለሚኖር ልጆች ላሉት ሚስቱ ለሞተችበት ሰው ዳሯት። ደስታ የለ፣ ዘፈን የለ፤ ጭነት መኪና ላይ ከጤፍ ጆንያ ጋር ነው የሄደችው አሉ። እኔ ደግሞ ጥቂት ዘመን ቆይቼ አንድ ልብስ ሰፊ አገባሁ፤ ሲንጀሩን ተሸክሞ ሥራ ፍለጋ ሲሪንቃን አልፎ መርሳ ተተከለ፣ እኔም ተከተልኩ። መርሳ የገባን ዕለት ዕቃችን ገና ደጅ ላይ ተበትኖ፣ አንዲት ሴት እንስራ ውኃ ተሸክማ መጣች። ቀና ስል ሐዋ ናት። መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ምናለ አልኩ። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ የሺ። የጉድጓዱ ውኃ ይመራል፣ ከዚህኛው ጠጡ» አለችኝ። ማታ ሽሮ ሠርቼ ጠራኋት። «በልቼ ነው የመጣሁ» አለች። ያች የመጀመሪያዋ ናት። ቆይቶ የወልድያ ነጋዴ ገበያ ላይ አይቷት ያንን ቅጽል ስሟን መርሳም አስገባው፤ በኋላ ደግሞ ሌሎች ቻይናዎች ለሌላ ሥራ ሲመጡ፣ ዕድሜዋን የማያከብር ጎረምሳ ሁሉ «እትዬ ሐዋ፣ ዘመዶችዎ መጡ!» ይላት ጀመር። እሷ ትስቃለች። እኔ ድንጋይ አንስቼ አባርራቸዋለሁ። ያን ጊዜ ሰው ምን ይላል መሰላችሁ? «የሺ ለሐዋ ያላት ፍቅር!»

እንግዲህ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ሐዋ መጣች። «አሰላሙ አለይኩም» ብላ ገባች፣ ከዘራዋን ጥግ አስደገፈች፣ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ቦታ ተቀመጠች። ቤዛ የእጅ ውኃ ይዛ ብቅ ስትል ሐዋ እጇን አነሳች።

«እኔ በልቼ ነው የመጣሁ፣ ልጄ።»

«እትዬ ሐዋ፣ ዶሮዋን ሰይድ ነው ያረዳት። ድስቱም ለብቻ ነው። ቅቤ የለውም፣ ጨውም የለውም፣ ሐኪሙ ያለውን ጠብቄ ነው የሠራሁት። ትንሽ ይቅመሱልኝ» አለች ቤዛ።

ሐዋ ሳህኑን አየችው። አየችውና አንገቷን ዘንበል አደረገች። «ምንድን ነው ይሄ?»

«የእስያ ሰላጣ ነው፤ የቻይና አሠራር» አለች ያቺ ምንም የማታውቅ ልጅ፣ ፈገግ ብላ።

ሐዋ ወደኔ ዞረች። ያኔ ካምፑ በር ላይ ያየችኝ ዓይን ነው፣ ሽፋሽፍቱ ብቻ ሸብቷል። ያቀረብኩላት ሆን ብዬ ለሹፈት መሰላት። ዝም ብል ተነስታ ትወጣለች፤ ወጣች ማለት ደግሞ ኮምቦልቻ ገባች ማለት ነው። «ቤዛ፣ ተቀመጪ» አልኩ። «ይቺን ሴትዮ አገር ሙሉ ሐዋ ቻይና እያለ ሲጠራት ሰምተሻል። ቻይና ያረደውን ዶሮ በላች ብሎ ነው። አልበላችም። የበላሁት እኔ ነኝ። የቄስ ልጅ ሆኜ፣ በሑዳዴ፣ ወንጌል መትቼ። ስያዝ እሷ ናት ብዬ ጠቆምኩባት፤ አባቷ መስክሪ ሲሉኝ አላየሁም አልኩ።»

ቤዛ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች። «ምኑን ነው የበላሽው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ይሄንኑ።»

ሐዋ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ስታስተካክል ቆየች። «ምነው ያኔ የሺ ናት ብትይ ሐዋ? አፍሽ ውስጥ ያለውን ውጠሽ ነበር እኮ! ምን ይዞሽ ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። ይባስ ብዬ እኔው ተቆጣሁ፣ ዐይነ ደረቅ!

«የኔ አባት ይገርፉኝ ነበር። ገረፉኝም፣ አለፈ» አለች። «ያንቺ አባት ግን ይገድሉሽ ነበር።» ቀጠለች፦ «በሦስተኛው ቀን መጥተሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ፋሲካ ይለፍ ብላ ነው አልኩ። ከዚያ መርሳ ስትመጪ፣ ለዚህ ነው የመጣች አልኩ። ከዚያ አባትሽ ሲሞቱ፣ እንግዲህ ማንን ትፈራለች አልኩ። ከዚያ ወዲያ ተውኩት፣ የሺ።»

ይሄን ብላ እጇን ወደ ቤዛ ዘረጋች። «አፍስሺልኝ ልጄ። ሙሉ ዕድሜዬን የተጠራሁበትን ነገር ሳልቀምሰው ልሂድ እንዴ?»

ቤዛ አስታጠበቻት። ሐዋ «ቢስሚላህ» ብላ፣ ጎመኑን ከዶሮው፣ ኑድልሱን ከሰሊጡ ጋር በሦስት ጣቷ ቆንጥራ ጎረሰች። የቀራት ጥርስ ጥቂት ነው፤ ቀጭ ቀጭ ሲል ቤቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም። አኘከች፣ አኘከች፣ ዋጠች። ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን አየችው።

«ለዚህ ነው?» አለች።

ሳህኑን መልሳ አየችው።

«ወላሂ፣ ለዚህ ነው? ጨው እንኳ የለውም!»

ቤዛ ሳቋ አመለጣትና አፏን በእጇ ከደነች። እኔ እንባዬ መጣ፤ ለማልቀስ ሳይሆን ለመደበቅ ወደ ሳህኔ ጎነበስኩ። ሰይድ ያረደውን እኔ ስለማልበላ ቤዛ ለኔ ጎመኑን ብቻ፣ ያለ ዶሮ፣ ለብቻ አቅርባልኛለች። ሐዋ ሳህኔን አየች፣ ሳህኗን አየች፤ ዓይኗ እንደ ድሮው እስኪጠፋ ሳቀች። «አንቺ ጎመኑን፣ እኔ ዶሮውን! አክስትሽ መምጣት የነበረባት ዛሬ ነው» አለች።

«ሐዋ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«በላሁልሽ አይደል?» አለችኝና ሳህኗን እንድትጨምርላት ለቤዛ ዘረጋችላት።